ለሎጋው አለቃ የተሰፋ ትራስ

ፍራሽ ሰፊዋ ከአውቶቡስ እንደወረደች ትራሷን ደረቷ ላይ አቀፈችና አፏን ከፍታ ቀረች። ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐይዋ ወለል ብላለች፤ እዚህ ከተማ ግን መብራት የሚያጠፋ ሰው የለም። ዛፉ ላይ መብራት፣ በረንዳው ላይ መብራት፣ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው በተወጠረው ሽቦ ላይ እንደ ልብስ የተሰጣ መብራት። እሷ ቤት አንዲት አምፖል ሳያስፈልግ ከበራች ጠብ ይነሳል። «ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ታሟል እንዴ?» አለች ለራሷ፤ የሚመልስላት ስላልነበረ መንገዷን ቀጠለች።

ለገና አምስት ቀን ቀርቷል። እንዲህ ዓይነት ጥድፊያ በዕድሜዋ ያየችው አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም የጎረቤት ቤት በእሳት ሲያያዝ። ሰዉ በሁለት እጁ ካርቶን ተሸክሞ ይሮጣል፤ ይጋጫል፤ ይቅርታ ሳይል ያልፋል። ደህና አደርክ ብላ ሰላም ያለችው ጎልማሳ ምን ጎደለሽ በሚል ዓይን ገላምጧት አለፈ። አንድ መንገድ ላይ ብቻ ሦስት የገና አባት ቆጠረች። ቀይ ልብስ፣ የጥጥ ጺም፣ በእጃቸው የሚያንቃጭል ደወል። ሦስተኛው ፊት ቆመችና ጺሙን በዓይኗ መረመረች። ያልተነደፈ ርካሽ ጥጥ ነው። ለአርባ ዓመት የሰው ፍራሽ እየፈታች፣ ጥጡን እየነደፈች መልሳ ስትሰፋ ለኖረች ሴት ይህ ትንሽ ስድብ አይደለም።

ሰውን የምታውቀው በአስተኛኘቱ ነው። ፍራሹ በሁለት ዳርና ዳር ጎድጉዶ መሐሉ ጉብ ካለ ባልና ሚስቱ ተኮራርፈዋል ማለት ነው። ትራሱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከደደረ ባለቤቱን የሚያሳድረው ሐሳብ አለ። የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ደህና ትራስ እንደሌለው ከፊቱ አይታ ፈረደች።

ያቀፈችው ትራስ ግን የዋዛ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ለልጇ አለቃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ሳንባዋን ታማ አልጋ ላይ ወደቀች። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ነፍሷ ወጣሁ ወጣሁ ስትል ጎረቤቷ ወደ ከተማ ደወለችና አንድ ልጇን «እናትህን በዓይነ ሥጋ ማየት ከፈለግህ ድረስ» አለችው። ልጇ ሎጋው፣ በቁመቱ ምክንያት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሌላ ስም ያልወጣለት፣ በአንድ ትልቅ መደብር ስጦታ ጠቅላይ ነው። ሦስት ቀን ቀረ። በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ በሩን ከፍቶ ገባ። አምስት ቀን ሙሉ ከአጠገቧ አልተነሳም። ውሃ በማንኪያ አጠጣት፤ ጀርባዋን አሸላት፤ ስታስል ደግፎ አስቀመጣት። ትንፋሿ መለስ ሲል መጀመሪያ የጠየቀችው «ማን ለቀቀህ?» ብላ ነው።

«አለቃዬ ለቀቀችኝ» አላት።

«ደግ ሴት ናት?»

ሎጋው ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

እንደዳነች ካላት ጥጥ ምርጡን አወጣች። ሁለት ጊዜ ነደፈችው። ልጄን ለለቀቀችልኝ ሴት፣ ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷን እንዳያማት፣ እያለች ሰፋችው። ለገና ልጠይቅህ እመጣለሁ ስትለው ሎጋው በስልክ ደጋግሞ አስጠንቅቋት ነበር። «እማዬ፣ ወደ ሥራ ቦታዬ እንዳትመጪ፤ በገና ሰሞን መፈናፈኛ የለም። ቁልፉን ከአከራዬ ተቀብለሽ ቤት ቆዪኝ።» እሷም እሺ አለች። እሺ ማለትና እሺ ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው። ልጄ ጨዋ ስለሆነ አለቃውን ላለማስቸገር ነው ብላ ተረጎመችው። ሰው ሞት አፋፍ ላይ ሳለ ልጁን የላከለትን ሰው ሳያመሰግን በደጁ ቢያልፍ ምን ይባላል?

መደብሩ ስድስት ፎቅ ነው። በሩ እንደ በር አይከፈትም፤ ይሽከረከራል። ፍራሽ ሰፊዋ ከነትራሷ ገባች፣ ዞረች፣ ተመልሳ ውጭ ላይ ራሷን አገኘችው። ድጋሚ ገባች፤ ድጋሚ ወጣች። በሦስተኛው የበሩ ጥበቃ እጇን ይዞ ሳባት።

«እማማ፣ ትራሱ ውስጥ ምን አለ?» አላት፤ ሥራው ነውና።

«እንቅልፍ።»

ጥበቃው ሳቀ፤ ጫን ጫን አድርጎ ዳሰሰውና መለሰላት። የስጦታ መጠቅለያ ክፍሉን አለቃ እንደምትፈልግ ስትነግረው በሠራተኞች ደረጃ ወደ ምድር ቤት እንድትወርድ አሳያት። «ኮሪደሩን ይዘው በቀጥታ፤ የማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ሲደርሱ በስተግራ» አላት።

ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች። ላይ ቤት ያለው ዘፈንና ግርግር እየራቀ ሄደ፤ ኮሪደሩ ሙጫና አዲስ ወረቀት ይሸታል። በስተግራ ካለው በር የመቀስ ድምፅ ይሰማል። ልትዞር ስትል ዓይኗ ሰሌዳው ላይ አረፈ።

ራሷን አየች።

ያ ፎቶ የእሷ ነው። የጎረቤቷ ልጅ የተመረቀች ቀን፣ አፏ ተከፍቶ፣ የጎደለው ጥርሷ ሳይቀር እየታየ ስትስቅ ሎጋው በስልኩ ያነሳት። አሁን በትልቁ ታትሞ ከወረቀት ፍሬም ገብቷል። በፍሬሙ ጥግ ጥቁር ሪባን ታስሯል። አስተሳሰሩ ደግሞ! ስጦታ ጠቅላዮች ያሰሩት ነዋ፤ አራት ቅጠል ያለው፣ ጫፉ በመቀስ የተጠቀለለ፣ በዚያ ሕንጻ ውስጥ የመጨረሻው ቆንጆ ሪባን። ከሥሩ ጽሑፍ አለ። ፊደል እየቆጠረች ነው የምታነበው።

«የሥራ ባልደረባችን የሎጋው ወላጅ እናት ባደረባቸው ሕመም ሰኞ ዕለት ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። የመጠቅለያ ክፍል ሠራተኞች።»

አንዴ አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው። በሦስተኛው ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ክው አለች። ግድግዳውን ተደግፋ አንድ ካርቶን ላይ ዝርፍጥ አለች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ልቧ ይመታል። እንዲያውም እንደዚያ መትቶ አያውቅም።

በመጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ሞኝ ሐሳብ ነበር፤ እውነት ሞቼ ይሆን እንዴ፣ አለች። ያ ሁሉ መብራት፣ ሰላምታ የማይመልስ ሰው፣ የማያስገባ በር። ቀጥሎ ንዴቱ መጣ። ልጄ ገደለኝ! ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ አርባ ዓመት የሰው አቧራ ምጌ ያሳደግሁት ልጅ በቁሜ ቀበረኝ! ለምን? አፈረብኝ? ምን አድርጌው?

ቀና ስትል ከፎቶዋ አጠገብ ሌላ ወረቀት ተለጥፎ አየች። ማኅተም አለው። እሱንም አነበበችው፤ ምን ሥራ አላት?

«የሐዘን ፈቃድ፦ ለእናት፣ ለአባት፣ ለትዳር ጓደኛ ወይም ለልጅ ሞት አምስት ቀን ይሰጣል። ለቤተሰብ ሕመም ፈቃድ አይሰጥም። ሐሰተኛ ምክንያት አቅርቦ ፈቃድ የወሰደ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ከሥራ ይሰናበታል።»

ሰኞ ሞት፤ ማክሰኞ ማለዳ በሩን ከፍቶ ገባ። አምስት ቀን። ውሃ በማንኪያ።

ያኔ ገባት። ለታመመች እናት በር ተዘግቶበታል፤ ለሞተች እናት ተከፍቶለታል። ሦስት ቀን የቀረው ሲለምን ነው። ቢቸግረው ገደላትና ሊያስታምማት መጣ። ፍራሽ ሰፊዋ ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ፣ የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ ለራሷም ሳይለይላት፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አሁን ማድረግ ያለባት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ማንም ሳያያት በመጣችበት ደረጃ መውጣት። ከታየች ልጇ ከሥራው ይባረራል።

ተነሳች። በሩ ተከፈተ።

ሪባን ቆራጯ ናት፤ አንገቷ ላይ ቀይ፣ ወርቅማና አረንጓዴ ሪባን የተጠመጠመ ወጣት ሴት። «እማማ፣ ማንን ፈለጉ?» አለች። ከዚያ ፎቶውን አየች። ከዚያ እሷን አየች። መቀሱ ከእጇ ወድቆ ተንኳኳ።

«እናቴ ትሙት እሳቸውን ይመስላሉ!» አለችና በማለችው መሐላ ደንግጣ አፏን ያዘች።

ፍራሽ ሰፊዋ በዕድሜዋ ዋሽታ አታውቅም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ደንበኛ ፍራሹ ሳይደርስ ሲመጣ ደርሷል ትላለች። እንዲህ ያለ ውሸት ግን ዋሽታ አታውቅም።

«እኅቷ ነኝ» አለች። ድምጿ ከየት እንደመጣ አታውቅም። «መንታ ነን።»

እኅት የላትም። ወንድምም የላትም። ለእናቷ አንድ ናት።

ሪባን ቆራጯ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና እየጎተተች ወደ ውስጥ አስገባቻት። ክፍሉ ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ጥቅል ወረቀት፣ ማጣበቂያ፣ መቀስ። አንዱ ጥግ ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ብስክሌት ለመጠቅለል እየታገሉ ነበር፤ መሪው በአንድ በኩል ሲሸፈን ፔዳሉ በሌላ በኩል ቀዶ ይወጣል። «የሎጋው አክስት ናቸው! የሟች መንታ!» ስትል ሁሉም ሥራውን ጣለ።

ፍራሽ ሰፊዋ ወንበር ላይ ተቀመጠችና የራሷ ለቅሶ ተደረሰላት።

«እግዜር ያጽናዎት።» «ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።» «ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ ተሠቃዩ እንዴ?» ፍራሽ ሰፊዋ «ብዙም አልተሠቃየች፤ ልጇ አጠገቧ ነበር» አለች። ብስክሌት ጠቅላዩ ወረቀት የተጣበቀበትን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጣት። «እኔ ሳላውቃቸው ነው የማውቃቸው» አላት። «ሎጋው አውርቶ አይጠግብም። ሰውን በትራሱ ያውቃሉ አሉ። አንድ ባለጠጋ ፍራሹን አምጥቶላቸው ‹አንተ ሰውዬ የሚያስጨንቅህን ነገር ለሚስትህ ንገራት› ብለው ሰደዱት አሉ፤ እውነት ነው?»

እውነት ነበር። እሷ ራሷ ረስታዋለች። ልጇ እንዲህ ያሉ ነገሮችን ይዞ እንደሚዞር፣ በዚህ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ለማያውቋት ሰዎች እንደሚያወራላት፣ ማን ነግሯት? ፊት ለፊቷ እንዲህ ብሏት የማያውቅ ልጅ። አለቀሰች፤ የአክስት ሳይሆን የእናት እንባ። ሪባን ቆራጯ እንባዋን የምታብስበት ስታጣ የስጦታ ወረቀት ቀድዳ ሰጠቻት፤ ፊቷ ላይ የወርቅ ብናኝ ቀረ።

«ምንድን ነው ይሄ? ከላይ እኮ ሰልፉ በር ደርሷል!»

አለቃዋ ናት። አጠር ያለች፣ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምጿ የሰለለ ሴት። ፍራሽ ሰፊዋ እንዳየቻት ዓይኗ ሥር የጠቆረውን፣ አንገቷን ወደ አንድ ወገን የምታዘነብለውን አስተዋለች። ይህች ሴት ደህና ትራስ የላትም፤ አዘነችላት። ነገሩ ሲነገራት የአለቃዋ ፊት ለሰስ አለ። ወደ ጠባቧ ቢሮዋ አስገባቻት፤ በሩን ግን አልዘጋችም።

ፍራሽ ሰፊዋ ትራሱን ሰጠቻት። ምን ታድርገው? ለእሷ የተሰፋ ነው።

«ለእኔ?» አለች አለቃዋ፤ ሰው ትራስ ሰጥቷት የሚያውቅ አይመስልም። «ለምን?»

«ልጇን ስለለቀቁላት ነዋ።»

አለቃዋ ትራሱን እንደያዘች ቀና አለች። «የለቀቅሁት እኮ ከሞቱ በኋላ ነው። ታዲያ ሟች መቼ ሰፉት?»

ፍራሽ ሰፊዋን ላብ አጠመቃት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእሷ ሳያድር ሊያልቅባት ነው። «እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች። «እኔም ፍራሽ ሰፊ ነኝ፤ መንታ አይደለን? እንዲቀብራት ስለለቀቁት… በእሷ ምትክ።»

«አመሰግናለሁ» አለች አለቃዋ፤ ዓይኗን ግን ከእሷ አልነቀለችም።

በዚሁ መሐል ሎጋው ገባ። በሁለት ትከሻው አራት ጥቅል ወረቀት ተሸክሞ፣ በሩን ላለመንካት ጎንበስ ብሎ። እናቱን አያት። ጥቅሎቹ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ወደቁ፤ አንደኛው እየተፈታ እስከ ጠረጴዛው ድረስ በረዶና ኮከብ እየዘረጋ ሄደ። ፊቱ አመድ መሰለ። አፉ ተከፈተ፤ ሊወጣ ያለውን ቃል እናቱ ከከንፈሩ አነበበችው። «እማ…»

«ና ልጄ!» ብላ ጮኸች፣ ብድግ ብላ። «ና፣ አክስትህ ነኝ! በእናትህ ምትክ ሳመኝ!»

ሎጋው አክስት እንደሌለው ያውቃል። ቆሞ ቀረ። አለቃዋ ታያለች፤ በበሩ በኩል ክፍሉ በሙሉ ያያል።

«አ… አክስቴ» አለ በመጨረሻ።

ያን ቃል የጠየቀችው ፍራሽ ሰፊዋ ራሷ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ከዚያ አፍ እማዬ ብቻ ነው የሰማችው። ሄዳ አቀፈችው፤ ራሷ ከደረቱ በላይ አይደርስም። ክንዱን አጥብቃ ቆነጠጠችውና «አልቅስ» አለችው በሹክሹክታ። መቆንጠጥም አላስፈለገም። ጎንበስ ብሎ ትከሻዋ ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፤ «ይቅር በይኝ፣ ይቅር በይኝ» እያለ። ሰዉ ሟችን ነው ይቅርታ የሚለው ብሎ አብሮት አለቀሰ። ብስክሌቱ እንኳ ያለ ጠባቂ ተገትሮ ቀረ።

አለቃዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «እውነቱን ልንገርዎት» አለች፣ ሎጋው ጥቅሎቹን ሊሰበስብ ሲወጣ። «ተጠራጥሬው ነበር። ከቀብር ሲመለስ እንባ የለ፣ ሐዘን የለ፤ እንዲያውም ከሄደበት ፊቱ ፈክቶ ነው የመጣው። ሰው እናቱን ቀብሮ እንዲህ ይሆናል? ከገና በኋላ የሞት ማስረጃ እንዲያቀርብ ደብዳቤ አዘጋጅቼለት ነበር።» መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣች። ማኅተም ብቻ ነበር የቀረው። «እርስዎን ካየሁ ግን ሌላ ምስክር ምን ያደርግልኛል?» ብላ ለሁለት ቀደደችው።

የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ፤ የሟች ምስክሯ ሟች። ፍራሽ ሰፊዋ ተንፈስ አለች። ልጇ ዳነ። ዛሬ እግዜር እግሯን የመራው ለዚህ ነው፤ ቤት ቆዪኝ ያለውን ብትሰማው ኖሮ ከአንድ ሳምንት በኋላ ልጇ ጎዳና ላይ ነበር።

አለቃዋ ከመደርደሪያው የሎጋውን ማኅደር አወጣች። እናት ከሚለው ጎን «በሞት የተለየች» ብላ ጻፈችና ቀኑን አስገባች፤ ማኅተሙንም መታችበት። «ይሄም እስካሁን ሳይሞላ ቀርቶ ነበር» አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ፍራሽ ሰፊዋ ማኅተሙ ሲወርድ ጀርባዋ ላይ ያረፈ መሰላት። ያኔ ነው ሌላው ነገር ብልጭ ያለባት። ሰሌዳው ፊት ከደነገጠችው የበለጠ ደነገጠች።

«የኔ እመቤት» አለች ቀስ ብላ፤ «ለእናት ሞት የሚሰጠው ፈቃድ… ስንት ጊዜ ነው?»

አለቃዋ ጥያቄው ገረማት። «እናት እኮ አንድ ናት፤ አንድ ጊዜ ነዋ።»

«ለአክስትስ?»

«አክስት የለችበትም።»

«እንበልና» አለች ፍራሽ ሰፊዋ፣ ጣቶቿን እያፍተለተለች፤ «እንበልና እኔ ብሞት። ከእሱ ሌላ ቀባሪ የለኝም። ልጅ የለኝም፤ ዘመድ የለኝም። አንድ ቀን እንኳ አይሰጡትም? አፈር አልብሶኝ እስኪመለስ?»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ እናቴ። ራሴም እናቴን ካየኋት ሦስት ገና አልፎኛል።» አለቃዋ ትራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ እየደባበሰችው ነበር፤ መደባበሷንም ያወቀችው አይመስልም። «ለእሱ አሁን የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። እናት ይሁኑት።»

«እሞክራለሁ» አለች ፍራሽ ሰፊዋ።

ለሎጋው የግማሽ ሰዓት ምሳ ተፈቀደለት። ከመደብሩ ጀርባ፣ ዕቃ የሚራገፍበት በር አጠገብ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው ለመስኮት ማስዋቢያ የተጠቀለሉ ካርቶኖች ተከምረዋል፤ ነፋሱ ሲመጣ ይንቀሳቀሳሉ፤ ውስጣቸው ባዶ ነው። ከመንገዱ ማዶ አራተኛው የገና አባት ጺሙን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ዳቦ ይበላል።

ሎጋው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «እማዬ፣ ለመንኳት እኮ። ሦስት ቀን ለመንኳት። ‹ታማለች› አልኳት፣ ‹ልትሞትብኝ ነው› አልኳት። ‹ስትሞት ና› አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ ወረቀቱን አሳየችኝ። በሦስተኛው ቀን ከቢሮዋ ወጥቼ፣ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆሜ፣ ተመልሼ ገባሁና ሞተች አልኳት። ስናገረው አፌ መረረኝ። በአውቶቡሱ መንገድ ሁሉ፣ በአፌ የጠራሁት ሞት ቀድሞኝ እንዳይደርስ እያልኩ ነው የመጣሁት።»

«በቁሜ ቀበርከኝ» አለችው።

«ቀበርኩሽ።»

«ያ ፎቶ ደግሞ! ሌላ ፎቶ ጠፍቶ ነው ከነጥርሴ ጉድለት?»

ሎጋው ሊስቅ ሞከረ። እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም፤ ዓይኗ ባዶዎቹ ካርቶኖች ላይ ተተክሏል። የምትሞትበት ቀን ይታያታል። አልጋዋ፣ ጎረቤቷ፣ ስልኩ። ጎረቤቷ ደውላ እናትህ ሞተች ስትለው ሎጋው ወዴት ይሄዳል? የትኛውን በር ያንኳኳል? አንዴ የሞተችለት ሰው ነው፤ ድርሻውን ወስዷል። ሊያድናት ብሎ ቀብሯን በላ። ይህን ሲያውቅ ነው ወይስ ሳያውቅ ያደረገው? ፊቱን አየችው፤ ያውቃል። ያኔም ያውቅ ነበር።

«ሥራውን እለቃለሁ» አለ ሎጋው፣ ሐሳቧን የሰማ ይመስል። «ያን ቀን እለቃለሁ።»

«ማን ይቀጥርሃል ከዚያ? ዝም በል።» ወደ እሱ ዞረችና «ስንት ዓመት ቀረህ?» አለችው።

«ለምኑ?»

«ለጡረታ።»

ሎጋው በጣቱ ቆጠረ። «ሃያ ስድስት።»

ፍራሽ ሰፊዋ ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው። እሷም ቆጠረች፤ ሁለቱንም እጇን ጨርሳ እንደገና ጀመረች፣ እንደገና ጨረሰች። ዘጠና ሦስት። ከሠፈሯ ሰው እዚያ የደረሰ አታውቅም። ሎጋው ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየ፤ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል።

«ጡረታ የወጣህ ለት ትመጣለህ?» አለችው።

«እመጣለሁ።»

«ማንንም ሳታስፈቅድ?»

«ማንንም ሳላስፈቅድ፣ እማዬ።»

ብድግ አለች፤ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች። በሩ ላይ ሪባን ቆራጯ ብቅ ብላ ሎጋውን በእጇ ጠራችው።

«በል ግባ» አለችው እናቱ። «እኔ እጠብቅሃለሁ።»